ለእጄ ራጅ፣ ከአዳባ እስከ የካ

ከአዲስ አበባ ተመልሼ አዳባ ከገባሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሄደሽ ምን አየሽ?» «አጥንቴን» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። ሌላውን ሁሉ ያየሁት አጥንቴን ለማየት ስሄድ መንገድ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገምኩ ከማወራ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። አዲስ አበባን የማታውቁ፣ ለመሄድም ሐሳብ የሌላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የምታውቁት ደግሞ ስሳሳት ዝም በሉኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበያው ዳር በእግር በምትረገጥ መኪና የሴት ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሰው ካመጣልኝ የፈረስ ልብስም እሰፋለሁ። ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። መገጣጠሚያቸው አበጠ። ብርድ ነው አልን። አዳባ ውስጥ ሁሉም ነገር ብርድ ነው፤ ሰው ከፈረስ ወድቆ ቢሰበር እንኳን ብርድ መትቶት ነው የወደቀው ይባላል። ቅቤ ተቀባሁ፤ በሞቀ ጨው ተኮስኩ። በጥር መቀስ መያዝ አቃተኝ። ያኔ ነው ጤና ጣቢያ የሄድኩት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጎ አየና፣ «ይህ የእርጅና ቁርጥማት አይደለም። የገዛ ሰውነትሽ መገጣጠሚያሽን ጠላት አድርጎ የያዘበት ዓይነት ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። «አጥንትሽን ጀምሮት እንደሆነና እንዳልሆነ በራጅ ሳይታይ ይህን ውሰጂ፣ ያንን ተዪ ማለት አልችልም።» ራጅ ማለት ቆዳን አልፎ አጥንትን የሚያነሳ ፎቶ ነው። እኛ ጋ የለም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና በሚያዝያ ተነሣሁ።

ረቡዕ

ከጎባ የሚመጣው አውቶቡስ አዳባ ሲደርስ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የጎባ ሰዎች አዳባ ውስጥ የሚጓዝ ሰው አለ ብለው አያስቡም። ረዳቱ «ቦታ የለም» አለ። ባለቤቴ ከድር መልስ ሳይሰጠው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሻንጣዬን አሰረ። ከድር ክርክር አይወድም፤ የሚፈልገውን ያደርግና ቆሞ ያያል። «በሰላም ግቢ» አለኝና ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ፤ ወፍጮው ያለ እሱ አይነሣም።

የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀመጥኩ። ከአዳባ ብርድ ለወጣ ሰው ቦታው ክፉ አይደለም። እስከ ዶዶላ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከዶዶላ በኋላ መቀቀል ጀመርኩ። አንድ አዛውንት የእህል ነጋዴ ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ብርቱካን ሰጡኝ። ይዤው ተቀመጥኩ።

«አትወጂም?» አሉኝ።

«እወዳለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እጄን አሳየኋቸው። ብርቱካኑን ተቀብለው ልጠው፣ በየክፋዩ ለይተው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ በመስኮት የገዙትን ሁሉ፣ ሙዙንም የተቀቀለ እንቁላሉንም፣ ሳልጠይቃቸው እየላጡ ያቀብሉኝ ጀመር። «የልጅ ልጆቼን እንኳን እንዲህ አላበላሁም» አሉ። ደስ ያላቸውም የከፋቸውም አይመስሉም ነበር።

ኮፈሌን ሳናልፍ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ለሹፌሩ ምክር ሰጠ። ምክሩ ስለበዛ ጎማው ለመቀየር ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ አዲስ አበባ ማደራችን ቀርቶ ሻሸመኔ አደርን።

ሐሙስ

ሻሸመኔ ያደርኩበት አልቤርጎ በሩ በውስጥ በኩል ጠንካራ የብረት መቀርቀሪያ አለው። ሌባ እንዳይገባ ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ማታ ማታ እጄ ይሻለዋል። ጠዋት ግን የኔ እጅ አይደለም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ብነሣ መቀርቀሪያውን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። በክርኔ ሞከርኩ፤ በጥርሴም ሞከርኩ። በመጨረሻ ተጣራሁ።

የአልቤርጎዋ ባለቤት መጣች። «ምን ሆንሽ?»

«በሩን መክፈት አቃተኝ።»

«ማን ዘጋብሽ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ሌባ እንዳይገባ።»

«ሌባ ቢገባ እኮ ይከፍትልሽ ነበር» አለች። ሄደች፤ ትታኝ የሄደች መስሎኝ ነበር። ተመልሳ በትንሿ መስኮት የሞቀ ውሃ በጣሳ አቀበለችኝና «እጅሽን ንከሪው፤ እናቴም እንዲህ ነበረች» አለችኝ። እየነከርኩ እያለ ስለ እናቷ በበሩ ቀዳዳ ነገረችኝ። ጣቶቼ ፈታ ሲሉ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ። ስወጣ አውቶቡሱ አልሄደም። የእህል ነጋዴው ሹፌሩን «አንዲት ሴት ራሷን አስራለች፤ እስክትፈታ ጠብቅ» ብለውት ኖሯል። ስገባ ተሳፋሪው ሁሉ «እንኳን ተፈታሽ» አለኝ።

ከሻሸመኔ በኋላ መንገዱ አስፋልት ነው። እንደኛ መንገድ አያነጥርም፤ እንቅልፍ ይወስዳል። ስለዚህ ሐይቆቹን ሁሉ አላየኋቸውም። አሉ ይባላል።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ እትዬ ደስታ ጠበቁኝ። እትዬ ደስታ አዳባ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። ባላቸው አቶ ሉቃስ ያኔ የእኛ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ። ከተዛወሩ ዘመን አልፏል፤ አሁን የሚኖሩት የካ ሚካኤል አካባቢ ነው። እትዬ ደስታ አቅፈው ስመው ሳይጨርሱ እጄን አዩና «ቀስ ብዬ ልያዝሽ» አሉ። በክንዴ ያዙኝ።

መገናኛ ድረስ የሄድነው ውይይት በሚባል ታክሲ ነው። ከኋላ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ ስሙ የመጣውም ከዚያ ነው አሉኝ። የተወያየ ሰው አላየሁም። ሁሉም የሌላውን ጉልበት እያየ ዝም ብሎ ይሄዳል። አዳባ ጋሪ ላይ ሁለት ሰው ከተቀመጠ አንዱ የሌላውን የዘር ሐረግ ሳይጨርስ አይወርድም።

ከመገናኛ ወደ የካ ሚካኤል ሽቅብ ነው። ቤታቸው ጓሮው ባሕር ዛፍ፣ ፊቱ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ልሰግድ ስል ወደ መካ የምዞርበት ቂብላ ጠፋብኝ። አቶ ሉቃስ ደጅ ወጥተው ፀሐይ የምትወጣበትን፣ የምትጠልቅበትን በእጃቸው ለኩና «እንግዲህ ሰሜን ወዲህ ነው» ብለው ወደ እንጦጦ ጠቆሙ። ከዚያ ወንበር አንሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። እነሱ ጴንጤ ናቸው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያኖችን ብዙዎቹን መንግሥት ስለዘጋቸው የራሳቸውን ጸሎት በሹክሹክታ ነው የሚያደርሱት። እኔ ጮክ ብዬ ብሰግድ ማንም ምንም አይለኝም ነበር፤ ግን ቤቱ ሹክሹክታ ስለለመደ እኔም በሹክሹክታ ሰገድኩ።

ምግቡ ሽሮ ነበር። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ክርስቲያን ያረደውን እንደማልበላ ያውቃሉ። እኔን ለብቻ ሽሮ አብልተው እነሱ ሥጋ መብላት ነውር ሆነባቸውና እስከ ሰኞ እራት ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ ሽሮ በላ። ጴንጤ ጾም የለውም የሚል ሰው ካለ እነዚህን አላያቸውም።

ዓርብ

ሆስፒታሉ መሀል ከተማ ነው። ሰልፉ የስኳር ሰልፍ ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ሰው ቦታውን ለታመመው ይለቃል፤ ሁሉም ታሟል፤ ስለዚህ ማንም አይንቀሳቀስም። ከሰዓት በፊት ገባሁ። ሐኪሙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። እጄን እንደ ዳቦ ጨበጥ አደረጉት፤ ጮኽኩ።

«ጠዋት ጠዋት እስከ ስንት ሰዓት ይደርቃል?»

«ጎረቤት ቡና እስክትጠራኝ።»

ይህን ጻፉት። ከዚያ የሁለቱም እጄ ራጅ እንዲነሣ አዘዙ። ራጅ ክፍል ስደርስ መብራት ጠፋ። ተቀምጠን ጠበቅን። አዳባ መብራት ሲጠፋ ሰው ይበተናል፤ እዚህ ሰው ቁጭ ብሎ አምፖሉን ያያል። አልመጣም። ወደ የካ ተመለስኩ፤ ሽሮ በላሁ።

ቅዳሜ

መብራት ነበር። ራጅ የሚያነሣው ሰው ከባድ ሽርጥ ጫነብኝና እጄን በጠፍጣፋ ሣጥን ላይ አስዘረጋኝ። «አትንቀሳቀሺ» አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። ማሽኑን አስተካከለ፤ መብራቱን ዝቅ አደረገ፤ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ፤ ተመለሰ። ፊቴን አየና «እኅቴ፣ ለእጅ መተንፈስ ይቻላል» አለኝ። ተነፈስኩ። ቅር አለኝ፤ ጥሩ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ሰጡኝ። «ሰኞ ለሐኪሙ ይዘሽ ትመጫለሽ። እንዳይታጠፍ፣ እንዳይረጥብ፣ አደራ።» አደራ ከተባልኩ በኋላ ፖስታዋን ከእጄ አልለየኋትም። ስበላ ጉልበቴ ላይ፣ ስተኛ ከፍራሹ ሥር አደረግኋት።

እሑድ

እትዬ ደስታ «ዛሬ ሽርሽር ወደ እንጦጦ እንውጣ፤ አየር ታገኛለሽ» አሉኝ። አየር አዳባ ውስጥ የጎደለኝ ነገር አይደለም፤ ግን እንግዳ የተባለውን ያደርጋል። እሳቸውና አቶ ሉቃስ ዳቦና ሻይ በዘንቢል ያዙ። እኔ ፖስታዬን ያዝኩ።

በየካ በኩል ወደ ላይ ስንወጣ መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ከዚያ ባሕር ዛፍ ብቻ ይሆናል። የእኛ ተራራ ጽድ አለው፣ አስታ አለው፣ ጭጋጉ ራሱ ሽታ አለው። እንጦጦ የሚሸተው እንደ ጉንፋን መድኃኒት ነው። ስንወጣ ደግሞ እትዬ ደስታ «አየሩ ሳሳ አይደል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ላለማስቀየም ሳሳ አልኩ። በእርግጥ እግሬን አሞኝ ነበር፤ የጣቴ ሥር፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ጠጠር እንደረገጥኩ ይወጋኛል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነው። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ስለምረግጥ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ዛፎቹ መሀል ገላጣ ቦታ ስንደርስ ሌሎች ሽርሽረኞች ተቀምጠው አገኘን። ሁሉም ዘንቢል አላቸው፤ ሁሉም እትዬ ደስታን ያውቃሉ። ሰላም ተባባልን። ዳቦው ሳይቆረስ አንድ ሰው ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ሁሉም ዝቅ አደረጉ፤ መዘመር ጀመሩ፤ ቀስ ብለው። ያኔ ገባኝ። የመጣሁት ሽርሽር ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው።

እትዬ ደስታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይቅር በይኝ፣ ፋጡማዬ። እቤት ብቻሽን ትቼሽ መምጣት አልሆነልኝም፤ መቅረትም አልሆነልኝም» አሉኝ።

«ግዴለም» አልኩ። ዜማው ደግሞ ደስ ይላል።

ሁለተኛውን መዝሙር ሲጀምሩ አንድ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ከዛፎቹ መሀል ወጣ። ዝማሬው ቆመ። ሰው ሁሉ ዳቦ ያዘ። እኔ ፖስታዬን ያዝኩ። ከጴንጤዎቹ መካከል የታሰረ እንዳለ እትዬ ደስታ ነግረውኝ ነበር።

«ይህ ምን ስብሰባ ነው?» አለ።

«ሽርሽር ነው» አሉ አቶ ሉቃስ።

«ጴንጤ ናችሁ?»

ማንም አልመለሰለትም። እነሱ አይዋሹም፤ እውነቱን መናገርም አይችሉም። ዙሪያውን አይቶ እኔ ላይ ቆመ፤ ምናልባት ሻሼን አይቶ ይሆናል።

«አንቺስ?»

«እኔ ፋጡማ ነኝ። ከአዳባ ነኝ። ሙስሊም ነኝ።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጄን አሞኝ ለሕክምና መጥቼ ነው።»

«ጫካ ውስጥ ነው ሕክምናው?» አለና ፖስታዬን አየ። «ያ ምንድን ነው? ካርታ ነው?»

ፖስታውን ለመክፈት ሞከርኩ፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ብዙ ስታገል ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ራሱ ከፈተው። ፊልሙን አወጣ። ጥቁር ነገር ብቻ ሲያይ ፊቱ ተቆጣ። አቶ ሉቃስ «ወደ ብርሃን አድርገው» አሉት። ወደ ሰማይ አነሣው።

እኔም ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሁለት እጅ፣ ነጭ፣ በሰማዩ ላይ። ያገባሁበት ቀለበት ሳይቀር በአንዱ አጥንት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣቴ አብጦ አልወጣ ስላለኝ። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየው።

«የማን ነው?»

«የኔ» አልኩና እጄን ከጎኑ ዘረጋሁ። እጄን አየ፤ ፊልሙን አየ፤ እንደገና እጄን አየ። አገላብጦ ወደ ፖስታው መለሰው፤ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ።

«ይህ ነገር ጉልበትም ያነሣል?» ብሎ ጠየቀ። «እናቴ ከተቀመጠች መነሣት አትችልም።»

አቶ ሉቃስ ያነሣል አሉት፤ ሆስፒታሉን፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በጠዋት መሄድ እንዳለበት ነገሩት። ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ዞሮ ቆመ። «ዝናብ እየመጣ ነው፤ ቶሎ ውረዱ» አለ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ዞረ፤ «ድምፃችሁም እስከ ታች ይሰማል» አለ። ከዚያ በዛፎቹ መሀል ጠፋ።

እትዬ ደስታ አለቀሱ። እኔ ዳቦ በላሁ፤ ከፍርሃት በኋላ ይርበኛል።

ዝናቡ እንዳለው መጣ። ፖስታዋን በቀሚሴ ውስጥ ከትቼ፣ ያ ቀይ አፈር እንደ ሳሙና እያንሸራተተኝ፣ ከነነጠላ ጫማዬ ወረድኩ። ፊልሙ አልረጠበም። እግሬ ግን እቤት ስደርስ አብጦ ከጫማው አልወጣ አለ። አቶ ሉቃስ የድሮ ሥራቸውን አስታውሰው ውሃ አሙቀው አጠቡልኝ። አዳባ የእናቴ እኩያ የሚሆን ሰው እግሬን ቢያጥበኝ መሬት ተከፍታ ትውጠኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ተራ ነገር ፎጣውን ጨምቀው አሰጡት።

ሰኞ

ሐኪሙ ፊልሙን ከኋላው መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቀሉት። አፍንጫቸውን ሊያስነኩት ምንም አልቀራቸውም። «ነይ እይ» አሉኝ። «የአጥንቱን ዙሪያ ይህን ቀጭን ነጭ መስመር አየሽ? በሽታው ሲበላ መጀመሪያ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ያንቺ አልተቆረጠም። ያበጠው ሥጋው ነው፤ አጥንቱ ደህና ነው።»

«ደህና ነኝ ማለት ነው?»

«እጅሽ ገና አልተበላም ማለት ነው። አስፕሪን እየወሰድሽ ትጠብቂያለሽ፤ እንቅስቃሴ ታደርጊያለሽ። ከበድ ያለ መድኃኒት ላይ ለመቸኮል ይህ ፊልም ምክንያት አይሰጠኝም።»

አመሰገንኩ። ደስ አለኝ። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ቆይ» አሉ ከኋላዬ። «ለምንድን ነው የምታነክሺው?»

«ትናንት እንጦጦ ወጥቼ ነው።»

«ከትናንት በፊትስ?»

«ከትናንት በፊት ፔዳሉ ነው።»

«ፔዳሉ ምንድን ነው?»

የስፌት መኪናዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ዓርብ ዕለት እግሬን ያመኛል አላልሽኝም።»

«የመጣሁት ስለ እጄ ነዋ።»

«እኔም አልጠየቅሁሽም» አሉ። «ይህ በሽታ አንዳንድ ጊዜ የእጅን አጥንት ሳይነካ የእግርን ይጀምራል። ጫማሽን አውልቂ።»

በዚያው ቀን እንዲነሣልኝ ራሳቸው ራጅ ክፍል ድረስ ሄደው ለመኑልኝ። ፊልሙ እስኪደርቅ እንኳን አልጠበቁም፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ሰቀሉት። እግሬ የእጄን ያህል አያምርም። የትንሿን ጣት ሥር በእርሳስ ጠቆሙ። ማንም ሳያስረዳኝ አየሁት። መስመሩ እዚያ ጋ ተቆርጧል። አይጥ የቀመሰችው ቂጣ ይመስላል። በሌላኛው እግሬም በዚያው ቦታ ትንሽ ጀምሯል።

«ፔዳል አጥንት አይበላም» አሉ። ከዚያ ዓርብ የጻፉትን ወረቀት ሰርዘው እንደገና ጀመሩ። «አስፕሪን ሕመሙን ያስታግሥልሻል እንጂ ይህን አያቆምልሽም። ዝም ካልነው እጅሽም ተራውን ይጠብቃል። ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ልትጀምሪ ነው። ክሎሮኪን ይባላል።»

«ወባ የለብኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አዳባ ወባ የለም። ትንኟ ራሷ በብርድ ትሞታለች።»

«ለወባ ለጥቂት ቀን ነው የሚወሰደው፤ ላንቺ ለረጅም ጊዜ ነው። ለመሥራትም ወራት ይፈጃል፤ አልሠራም ብለሽ እንዳትጥዪው። አንድ ነገር ግን አለ።» ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ አለ። «አንዳንድ ሰው ላይ ሲቆይ ዓይን ይጎዳል። ከመጀመርሽ በፊት ዓይንሽ ይታያል፤ ከዚያም በየጊዜው። ካልተመረመርሽ አትወስጂም።»

ከሆስፒታሉ እስከ የካ ሚካኤል ምንም አላየሁም። ልብስ ሰፊ ሴት እጇ ከሄደ መርፌ አትይዝም፤ ዓይኗ ከሄደ ክር አታስገባም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈልግ ሥራ የመረጥኩት እኔው ነኝ። እቤት ገብቼ ለእትዬ ደስታና ለአቶ ሉቃስ ነገርኳቸው።

«የማያስፈራ መድኃኒት አይሰጡሽም?» አሉ እትዬ ደስታ።

«የማያስፈራው አያቆመውም።»

አቶ ሉቃስ ብዙ አሰቡ። «ልጄ፣ የዓይኑ ነገር ምናልባት ነው፤ እየተመረመረ የሚጠበቅ ነው። የአጥንቱ ግን ምናልባት አይደለም፤ አይተሽዋል» አሉኝ። «የተበላ አጥንት ሲመለስ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።»

እራት ቀረበ። ዶሮ ወጥ ነበር። አቶ ሉቃስ ከሰዓት በኋላ ዶሮዋን በብብታቸው ይዘው ወሰን የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄደው፣ ባለ ሱቅ ሙስሊም ፈልገው አሳርደው መጥተዋል። ሰውዬው «ክርስቲያን ሆነህ ለምን?» ብሏቸው «እንግዳ አለብኝ» ብለውታል። ብዙ በላሁ። ቤተሰቡ ከኔ ይበልጥ በላ።

ማክሰኞ

ዓይን ሐኪም ጋ ግድግዳው ላይ እግራቸው በየአቅጣጫው የዞረ ምልክቶች አሉ። ምልክቱ ወዴት እንደዞረ በጣት መጠቆም ነው። ጣቴ ቀጥ ስለማይል እኔ ወደ ላይ ስጠቁም መርማሪዋ ወደ ግራ ትጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ግማሽ ዕውር ሆንኩ። «በአፍሽ ተናገሪ» ስትለኝ ሁሉንም አገኘሁ፤ የታችኛውን ትንሹን ሳይቀር። ከዚያ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ አድርገው በመብራት አዩ። ደህና ነው አሉ።

ጠብታው ስላፈዘዘኝ ቀኑን ሙሉ ከቅርብ ማየት አልቻልኩም። መድኃኒት ቤት የተሰጠኝን ጠርሙስ አቶ ሉቃስ አነበቡልኝ። ክዳኑንም እሳቸው ከፈቱልኝ። የመጀመሪያዋን ፍሬ በእትዬ ደስታ ሻይ ዋጥኩ። መራራ ነው። ልወስድ ወስኜ ነው ወይስ ጠርሙሱ ስለተከፈተ፣ እስካሁን በደንብ አላውቅም።

ረቡዕና ሐሙስ

እትዬ ደስታ ለመንገድ ዳቦ ጋገሩልኝ። አቶ ሉቃስ ሁለቱን ፖስታ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጎንና ጎኑ ካርቶን አድርገው አሰሩልኝ። አውቶቡስ ተራ ላይ እትዬ ደስታ «ስለ እሑዱ ለእናትሽ አትንገሪ» አሉኝ። ለእናቴ አልነገርኩም። አሁን እናንተ አወቃችሁ፤ ለዚህም ነው ስማቸውን የለወጥኩት።

በመንገድ የተለየ ነገር አልደረሰም። ሻሸመኔ ደርሼ እዚያው አልቤርጎ አደርኩ። ባለቤቷ በሩን እንዳልቀረቅር አስጠነቀቀችኝና ራሷ ወንበር አስደግፋ ዘጋችው። በማግሥቱ ዶዶላ ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገባ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሰዎች ኮታቸውን ቆለፉ፤ እኔ ሻርፔን ፈታሁ።

አዳባ ከድር ጋሪ ይዞ ቆሞ ነበር። «ምን አሉሽ?» አለኝ።

«እግሬን ነው አሉ።»

«እጅሽን አልነበር?»

«እሱንም ነው።»

ጠርሙሱን ሲያይ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። የካ ድረስ ሄዳ የወባ መድኃኒት ይዛ መጣች ተባለ። ሁለት ወር መድኃኒቱ ምንም አልሠራም። በሦስተኛው ወር ልጥለው ስል ጤና ጣቢያ ኃላፊው «ወራት ብለውሽ የለም ወይ?» ብሎ ተቆጣኝ። ቀጠልኩ። ከመስከረም በኋላ አንድ ቀን ጠዋት የጎረቤት ልጅ አዝራር ተበጥሶባት መጣች። ተክቼላት ስትሄድ ነው ጠዋት መሆኑን ያስተዋልኩት።

ይህን ጽሑፍ እጨርሳለሁ ስል ዓመቱ ዞረና ለምርመራ እንደገና አዲስ አበባ ወጣሁ። ያን ጉዞ አልጽፈውም፤ ጎማ እንኳን አልፈነዳም። ዓይኔ ደህና ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ግን የአምናውንና የዘንድሮውን የእግሬን ፊልም ጎን ለጎን ሰቀሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩ። እኔም አየሁ፤ የተቆረጠው መስመር አለ፤ አልተጠገነም። ከአምናው አልሰፋም። የእጄም ሁሉም ቦታው ላይ ነው።

«ያው ነው» አሉ።

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

«እንዲህ ያለ በሽታ ላይ ያው ነው ብዬ የምናገርለት ሰው ብዙ የለኝም» አሉና ፊልሞቹን አወረዱ። «ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ።